ፎንት አስተዳዳሪ ፍለጋ

ይኸውላችሁ፣ ሰው ብቻውን ሲውል ከምን ከምን ጋር እንደሚያወራ ብነግራችሁ ትስቁብኛላችሁ። እኔ ከፕሪንተሬ ጋር አወራለሁ። "አሁን ደግሞ ምን ሆንክ?" ስለው ቀይ መብራቱን ያበራብኛል። እንዲህ እየተኮራረፍን እንውላለን። ከሁሉ በላይ ግን የማወራው ከኮምፒውተሬ ጋር ነው፤ እሱ ደግሞ በዚያ ሰሞን መልስ መስጠት አቁሞ ነበር። ጨዋታዬ ስለዚያ ነው። የፎንት ማስተዳደሪያ ሶፍትዌር ልምረጥ ብዬ ተነስቼ አንድ ያለኝን ጓደኛ እስከ ወዲያኛው ላጣው ምንም አልቀረኝም።

ሥራዬ ዲዛይን ነው። ልደታ፣ ወደ አብነት በሚወስደው መንገድ ዳር አንዲት ክፍል ተከራይቼ የሠርግ ጥሪ፣ የምግብ ዝርዝር፣ ባነርና የሱቅ ታፔላ እሠራለሁ። ማደሪያዬም ከዚያው አይርቅም፤ እዚያም ብቻዬን ነኝ። ፎንት ምንድን ነው ለምትሉኝ፣ ፎንት የፊደል ልብስ ነው። ያቺው "ሀ" ናት፤ አንዱ ካፖርት ያለብሳታል፣ አንዱ ቁምጣ ያስታጥቃታል፣ አንዱ ካባ ደርቦላት ቤተ ክርስቲያን ይሰዳታል። ደንበኛ ደግሞ "እስቲ በሌላ አሳየኝ" ሲል ይውላል፤ ስለዚህ የልብስ ሳጥናችን ሁልጊዜ እንደሞላ ነው።

በእኛ ሙያ አንድ ልማድ አለ። አንዱ ዲዛይነር ለሌላው ሥራ ሲያስተላልፍ "ከነፎንቱ ስጠኝ" ይባላል። የትኛው ፎንት ብሎ የሚጠይቅ የለም፤ የሚመልስም የለም። ፎልደሩ ከነኮተቱ ፍላሽ ላይ ይገለበጥና ይሰጣል። በዚህ ዓይነት የሜክሲኮው ዲዛይነር ፎንት እኔ ዘንድ ይመጣል፣ የኔው ተክለ ሃይማኖት ይሄዳል፣ እዚያ ስሙን ይቀይርና አዲስ እንግዳ መስሎ ተመልሶ እኔው ጋ ይመጣል። አልፈልግም አይባልም፤ ነውር ነው። ፍላሹ ይዞት የሚመጣው ቫይረስ እንኳን እንደ አጃቢ ተቆጥሮ አብሮ ይገባል። ኮምፒውተሬ ይህን ሁሉ ተሸክሞ ጠዋት ጠዋት እንዴት ይነሳ? አበራዋለሁ፣ ቤቱን እጠርጋለሁ፣ ደጁን ውሃ እረጫለሁ፣ ስለ መብራት መጥፋት ከመንገደኛ ጋር አማርራለሁ፣ ስመለስ ገና "እንኳን ደህና መጡ" ይላል።

ቤቷን የከፈትኳት ብቻዬን አይደለም። ከሳሚ ጋር ነው። ሳሚ አብሮ አደጌ ነው፤ እጁ ለፊደል የተፈጠረ ነው፤ እኔ ደግሞ ኮምፒውተሩን እነካካለሁ። በጀመርን ሰሞን ሳሚ አንድ የካርቶን ቁራጭ ላይ በማርከር "ምሳ ላይ ነን" ብሎ ጻፈና በሩ ላይ ሰቀላት። ከምሳ ስንመለስ አንዱ ደንበኛ ደጅ ቆሞ ጠበቀን። "እንደዚህች አድርጋችሁ ሥሩልኝ" አለ፣ ካርቶኗን እያሳየ። ሌላውም መጣ፣ ሌላውም። በመጨረሻ ሳሚ ተቀምጦ ፊደሉን በሙሉ በእጁ ሣለው፤ እኔ ወደ ኮምፒውተር አስገብቼ ፎንት አደረግሁት። ፊደላችን መቼም ብዙ ነው፤ በዚያን ጊዜ በነበረን መሥሪያ አንድ ፋይል ውስጥ አልበቃ አለን። ስለዚህ ለሁለት ከፈልነው። ከ"ሀ" እስከ "ኘ" ያለውን "ሳሚ" አልነው፤ ከ"አ" እስከ "ፐ" ያለውን "ሳሚ2"። ይህን ፎንት ብቻ ለማንም በፍላሽ አልሰጠንም። የቤታችን ምስጢር ነበር።

ታፔላ ሰቃዩም ሳሚ ነው። መሰላሉን ይዞ ሲወጣ ታዲያ እዚያው መሰላል ላይ ሆኖ ይደውልልኛል። "ምሳ በላህ?" ይላል።

"ገና ነኝ።"

"ቆየኝ፣ መጣሁ።"

ሌላ ወሬ የለንም ነበር። እሱ መሰላሉን ተሸክሞ ከች ሲል ካርቶኗን ሰቅለን እንወጣለን።

ከዚያ ሳሚ አገባ። አማቱ ሐዋሳ ማተሚያ ቤት ነበራቸውና ደከመኝ አሉ። እሱም ሄደ። ምን ይደረጋል? እኔም ብሆን እሄድ ነበር። አልተጣላንም። እንዲያውም ተጣልተን ቢሆን ይሻል ነበር፤ ለተጣላ ሰው ሽማግሌ ይላካል፣ ይቅር ለእግዚአብሔር ተባብሎ ይሳሳማል። ዝም ብሎ ለተራራቀ ሰው ግን ሽማግሌ የሚልክ የለም። መጀመሪያ በየሳምንቱ ተደዋወልን፣ ቀጥሎ በየበዓሉ፣ ቀጥሎ እኔ "የሄደ ሰው ነው መደወል ያለበት" እያልኩ መጠበቅ ጀመርኩ። እሱም እዚያ ሆኖ የሆነ ነገር ይላል መሰለኝ።

ካርቶኗን ምን አደረግኋት? በሐቅ ልሥራ ብዬ "ነን" የሚለውን በማርከር ደልዤ "ነኝ" አደረግሁትና ሰቀልኳት። ከዚያ ደጅ ወጥቼ አየኋት። እንደሱ ያለ አንጀት የሚበላ ጽሑፍ አይቼ አላውቅም። ወዲያው አውርጄ ጣልኳት። ከዚያ ወዲህ ምሳዬ ብስኩት ነው፣ እዚያው ኪቦርዱ ላይ። ኪቦርዱን ገልብጬ ባራግፈው የጎረቤት ዶሮ ጠግቦ ያድራል።

እንዲህ እንዲህ እያልኩ ስኖር ጋሽ ሸምሱ መጡ። ጋሽ ሸምሱ የወሎ ሰው ናቸው፤ ልብስ ሰፊ። ከኔ ጀርባ ያለው ግቢያቸው ሊፈርስ ነው ተብሎ ኮንዶሚኒየሙ ሥር አንዲት ሱቅ አግኝተዋል።

"አንተ ልጅ፣ ታፔላዬን ሥራልኝ" አሉኝ።

"ምን ዓይነት ላድርግልዎት?"

"ምን ዓይነት ይላል እንዴ! የድሮውን ነዋ! ሰዉ እኮ በመልክ አያውቀኝም፤ አንገቴን ደፍቼ መኪናዬ ላይ ነው የምውለው። የሚያውቀኝ በዚያች ጽሑፍ ነው። አዲስ ሰፈር ገብቼ አዲስ ጽሑፍ ከሰቀልኩ ማን ብሎ ይመጣል?"

"የድሮው ባነር የታለ?"

"ስንነቅለው አንዱ ለጣራው መክደኛ ወሰደው። በዚህ ክረምት ምን ልበለው? ብቻ ከአረፋ በፊት ይድረስልኝ። የአረፋ ልብስ አሰፊው ካለፈኝ ዓመቱ አለፈኝ ማለት ነው።"

"ይሄማ ቀላል ነው" አልኩ። ወይ አፌ!

በሳሚ ፎንት የሠራነውን የድሮውን ፋይል ከፈትኩ፤ የፎንት ዝርዝሩን ስነካ ኮምፒውተሩ ድርቅ አለ። ነቅዬ ሰካሁት፣ ደግሞ ደረቀ። ጥንቁቅ ዲዛይነር ሥራውን ሲጨርስ ጽሑፉን ወደ ሥዕል ቀይሮ ያስቀምጠዋል፤ ያን ጊዜ ፎንት ኖረ አልኖረ ግድ የለም። ከሁለታችን ጥንቁቁ ሳሚ ነበር፤ ይህን ፋይል ያስቀመጥኩት ግን እኔ ነኝ። ስለዚህ ቆረጥኩ፤ የፎንት ማስተዳደሪያ ሶፍትዌር ላስገባ። ይህ ነገር ሥራው የመጋዘን ጠባቂ ሥራ ነው፤ ፎንቶቹን ሰብስቦ ይቆልፍና የምትፈልገውን ብቻ ያወጣልሃል።

ሌላ ሰው ቢሆን አንዱን ጭኖ ሥራውን ይቀጥላል። እኔ ግን ሰው ስለሌለኝ ጊዜ አለኝ። ፈረንጆች ኢንተርኔት ላይ የጻፉትን ማነጻጸሪያ ሁሉ ማንበብ ጀመርኩ። አንዱ "ይህ ሶፍትዌር ሕይወቴን ለወጠው" ይላል። የኔን ሕይወት እያየሁ፣ እንግዲህ ምን ይታወቃል አልኩ። ሚስት የሚመርጥ ሰው እንኳን እንደኔ አላጠናም። ትዳሯን የማታከብር አለች፣ አመሏ ከባድ የሆነ አለች፣ መልኳ ቆንጆ ሆኖ የሚያስተዳድራት ሌላ ሶፍትዌር የሚያስፈልጋት አለች። በመጨረሻ ሦስት አስቀረሁና ስም አወጣሁላቸው፤ ዘበኛው፣ ማኅበርተኛውና ሐኪሙ።

በዘበኛው ጀመርኩ። ዘበኛው ገና ከመግባቱ "ለደኅንነት ሲባል ሁሉንም ልዝጋቸው?" አለኝ። ዝጋ አልኩት። ሁሉንም ሲል ለካ ሁሉንም ማለቱ ነው! ኮምፒውተሩ ራሱ የሚጽፍበትን ፎንት ጨምሮ ዘጋው። ስክሪኑ ላይ ያለው ጽሑፍ በሙሉ ባዶ ሳጥን ሆነ። አንድ መልእክት ብቅ አለ፤ ሳጥን ሳጥን ሳጥን ይላል፤ ሥሩ ሁለት ቁልፍ አለ፤ በአንዱ ላይ ሳጥን ተጽፏል፣ በሌላውም ሳጥን። መብራት በጠፋበት ቤት ክብሪት እንደሚፈልግ ሰው በግምት እየዳበስኩ ስነካካ ዋልኩ። ጋሽ ሸምሱ ደጁን አልፈው ሲሄዱ አዩኝና "ምነው፣ ቻይንኛ ጀመርክ እንዴ?" አሉኝ። ዘበኛውን ባስገባሁበት መንገድ ሸኘሁት።

ቀጥሎ ማኅበርተኛው። ይሄኛው ትሁት ነው። በስሜ ጠርቶ "እንኳን ደህና መጣህ፣ ስለመጣህ ደስ ብሎናል" አለኝ። ሶፍትዌር መሆኑን አውቃለሁ፤ ቢሆንም ሆዴ ባባ። ከዚያ "የቡድንህ አባላት ስንት ናቸው?" ብሎ ጠየቀኝ። መምረጫውን ከፈትኩት። ከሁለት እስከ አምስት አለ። ከዚያ በላይ አለ። ከመቶ በላይም አለ። አንድ የሚል የለም። ወደ ላይ ገፋሁት፣ ወደ ታች ገፋሁት፣ የለም። እነዚህ ሰዎች አንድ ሰው ብቻውን ይህን ሁሉ ፎንት ይዞ ይቀመጣል ብለው አላሰቡም።

ሁለት አልኩ። ውሸት አይደለም፤ የቤቷ ታፔላ ላይ እስካሁን የሁለታችን ስም አለ። "የሁለተኛውን አባል ኢሜይል አስገባ" አለኝ፤ የሳሚን አስገባሁ። ከዚያ ሁሉ ነገር አማረ፤ ቀለሙ ቢሉ፣ አቀማመጡ ቢሉ። ችግሩ ፎንቶቹን በኢንተርኔት ወደ ላይ ካልወሰድኩ ሥራ አልጀምርም ማለቱ ነው። በኛ ሰፈር ኔትዎርክ ከመጀመሪያው ፎንት ሳያልፍ ዋለ። ጥግ ላይ ግን አንዲት ትንሽ ጽሑፍ አለች፤ "አንድ አባል እየተጠበቀ ነው" ትላለች። ዘጋሁትና ወደ ሦስተኛው አለፍኩ። መዝጋት ብቻውን እንደማይበቃ ያን ጊዜ አላወቅሁም።

ሐኪሙ ጥሩ ይዞ ነበር። ፎንቶቹን በሙሉ መረመረና "ናሙና ዓረፍተ ነገር ጻፍ፤ ሁሉንም ፎንቶችህን በሱ አሳይሃለሁ" አለኝ። ምን ልጻፍ? ማስታወቂያ ልጽፍ አሰብኩ፣ ስሜን ልጽፍ አሰብኩ። እጄ ግን በራሱ "ምሳ በላህ?" ብሎ ጻፈ።

ስክሪኑ ሞላ። ወፍራሙ ፎንት "ምሳ በላህ?" ይላል እንደ ወታደር እየጮኸ። ቀጭኑ ይጠይቃል፣ ያፈረ ይመስላል። የቤተ ክህነቱ ይጠይቃል በግርማ። የሠርግ ጥሪው ባለ ጅራት ፎንት ሳይቀር ይጠይቃል። ወደ ታች ብወርድ ብወርድ ጥያቄው አያልቅም። መካከል ላይ ሳሚ የተባለው ፎንት መጣ፣ በገዛ እጅ ጽሑፉ "ምሳ በላህ?" አለኝ። እጄን ከማውሱ አነሳሁ። ናፈቀኝ፣ ሌላ ምን እላለሁ።

"ይሄ ሁሉ ለኔ ነው?" የሚል ድምፅ ከኋላዬ ሰማሁ። ጋሽ ሸምሱ ናቸው፤ የታፔላቸውን ነገር ሊያዩ መጥተው ስክሪኑን በአንክሮ ያነባሉ። "በልቻለሁ፣ አልሐምዱሊላህ። አንተስ?"

"እኔም በልቻለሁ" አልኩ፣ ብስኩቱን ወደ መሳቢያ እየገፋሁ። "ታፔላው ዛሬ ያልቃል፣ ይምጡና ይውሰዱ።"

ሐኪሙ ታዲያ ሕክምናውን ቀጠለ። "ይህ ፎንት የዚያኛው ቅጂ ይመስላል። ይጥፋ?" ይላል። እውነቱን ነው፣ ያ ከሰው ሰው የሚዞረው ሁሉ ቅጂ ነው። ይጥፋ። ይህስ? ይጥፋ። ያስ? ይጥፋ። እንዲህ ተቀባብለን ስንሄድ "ሳሚ2 የሳሚ ቅጂ ይመስላል። ይጥፋ?" አለኝ። እጄ ሞቅ ብሎታል፤ ይጥፋ አለ። ልክ እንደነካሁት ልቤ አንድ ነገር ሸተተውና ቶሎ ብዬ ናሙናውን አየሁ። ሳሚ የሚለው ፎንት እንደነበረ ነው፤ "ምሳ በላህ?" ይላል ጥርት አድርጎ። ተመስገን፣ ምንም አልጎደለም አልኩ። ሐኪሙም ቆሻሻውን ጠራርጎ ደፍቶ ሥራውን አበቃ። ኮምፒውተሩ አሁን እንደ አዲስ ይበራል።

በኩራት የጋሽ ሸምሱን ታፔላ ከፈትኩ። "ሸምሱ ልብስ ስ" ይላል፤ ከዚያ ባዶ ሳጥን፤ ከዚያ "ት"።

"ፌ" የለችም። ከሁለተኛው ግማሽ ናት። ደንግጬ ሌላ ነገር ጻፍኩ። "አዎ" ብዬ ብጽፍ ሁለት ሳጥን። "ወዳጄ" ብል ሳጥን በሳጥን። ያኔ ነው የገባኝ። "ምሳ በላህ?" የሚለው በሙሉ ከመጀመሪያው ግማሽ ፊደል የሚጻፍ ነው፤ ለዚህ ነው ናሙናው ጤነኛ መስሎ ያታለለኝ። ከሁሉ ዓረፍተ ነገር መርጬ መርጬ የሳሚ ግማሽ ሲሞት የማይታወቅበትን ጽፌያለሁ። አሁን ኮምፒውተሬ በሳሚ እጅ ምሳ በላህ ብሎ ሊጠይቀኝ ይችላል፤ እኔ ግን አዎ ብዬ ልመልስለት አልችልም። ፎንቱን ደግሞ ለማንም አልሰጠንም፤ ያ ሁሉ ኮተት በየቤቱ ሲዞር ተመልሶ የማይመጣልኝ ይህ አንዱ ብቻ ነው። ከፋኝ። ከዚያ ልጅ የቀረችኝ እጁ ነበረች፣ እሷንም ግማሿን በገዛ ጣቴ አጠፋኋት።

አሁን ሳሚ ጋ መደወል ነው አይደል? ሰው ሁሉ የሚያደርገው ይህንን ነው። እኔ ግን መሰላል ተዋስኩ።

አስተውላችሁ እንደሆነ "ፌ" የምትገኝበት አንድ ቃል ከተማውን ሞልቶታል፤ ካፌ። አብነት ውስጥ በሳሚ ፎንት ታፔላ የሠራንላት ካፌ ነበረች። ሄጄ ፎቶ አንስቼ "ፌ"ዋን እገለብጣለሁ ብዬ ካሜራና መሰላል ይዤ ሄድኩ። ስደርስ ካፌዋ የስልክ ጥገና ሆናለች፤ ከጎን ግን አሮጌው ታፔላ በአዲሱ ሥር ትንሽ ብቅ ያለ መሰለኝ። መሰላሉን አስደግፌ ወጥቼ ጠርዙን ገለጥ ሳደርግ ባለቤቱ ወጣ።

"ከወረዳ ነህ?" አለኝ።

"አይደለሁም፤ ፌ ፈልጌ ነው።"

"ምን ፈልገህ?"

"ፌ። የሳሚን ፌ።"

ሰውዬው ወደ ውስጥ ዞሮ "ኧረ ኑ ተመልከቱ" ብሎ ተጣራ። የተሰበሰበው ሰው ምን እንደፈለግሁ አንዱ ለአንዱ ሲያስረዳ ከመሰላሉ ወርጄ ወደ ቤቴ መንገድ ጀመርኩ። ገልጬ ያየሁት "ካ"ን ብቻ ነው። እሷም እኮ ከሁለተኛው ግማሽ ናት፤ ግን ለሸምሱ ልብስ ስፌት ምን ታደርግለታለች?

ቀጥዬ "ፌ"ን ራሴ ሣልኳት። ጋሽ ሸምሱ ሊወስዱ ሲመጡ አሳየኋቸው። መነጽራቸውን አውልቀው አዩ።

"ይቺ መሀል ላይ ያለችው ምን ሆና ነው? ጥርሷን ያመማት ትመስላለች" አሉኝ።

"ፌ ናት፣ ጋሽ ሸምሱ። ዋናዋ ጠፋችብኝ።" ነገሩን ከላይ እስከ ታች ነገርኳቸው።

"እና ሳሚ ዘንድ አትኖርም?"

"ትኖር ይሆናል።"

"ታዲያ ለምን አትደውልለትም?"

"እሱ እኮ ቢዚ ነው፣ ጋሽ ሸምሱ። ማተሚያ ቤት ይዟል፣ ትዳር ይዟል..."

"አንተ ልጅ፣ ደውልና ራሱ ቢዚ ነኝ ይበልህ!" አሉኝ፣ ቆጣ ብለው። "አረፋ ደርሷል። እኔ በአንተ ኩርፊያ ጾም ላድር ነው?"

"አልተኳረፍንም እኮ።"

"ስትኳረፉማ አይቻችኋለሁ፤ ጮኻችሁ ትገላገሉ ነበር። ይሄ ሌላ ነው" ብለው ወንበሩን ስበው ተቀመጡ። እስክደውል እንደማይነሱ ገባኝ።

ደወልኩ። ስልኩ ሲጠራ የምለውን በልቤ ተለማመድኩ፤ ሥራ ነው፣ ሌላ ነገር የለውም።

"ሄሎ" አለ። ድምፁ ያው ነው።

"ሳሚ፣ እኔ ነኝ። ለሥራ ጉዳይ ነው የደወልኩት። ለፕሮፌሽናል ዲዛይን የትኛው የፎንት ማስተዳደሪያ ይሻላል ትላለህ?"

"አንተ ሰውዬ፣ ግን ደህና ነህ?" አለኝ።

"ምነው?"

"ኧረ ኢሜይልህ! 'ጓደኛህ እየጠበቀህ ነው፣ ቦታህ ክፍት ነው' ይላል። ትንሽ ቆይቶ ደግሞ 'ጓደኛህ አሁንም እየጠበቀህ ነው'። ትናንት ደግሞ 'ጓደኛህን አትርሳው' አልከኝ። ባለቤቴ አይታው ደንግጣለች።"

ለካ ማኅበርተኛው እኔ ዘግቼው ስሄድ እሱ ሥራውን አላቆመም! በስሜ ሐዋሳ ድረስ እየሄደ ሲለምንልኝ ከርሟል።

"ሶፍትዌሩ ነው፣ ሳሚ። እኔ አይደለሁም። እኔ እንዲህ ያለ ነገር መቼ እጽፋለሁ?"

"አይ" አለ፣ ድምፁ ቀዝቀዝ ብሎ። "እኔማ አንተ መስለኸኝ ደስ ብሎኝ ነበር።"

ጋሽ ሸምሱ ጣሪያውን እያዩ ነው።

"ደስ ካለህ ለምን አልደወልክም ታዲያ?"

"በእንግሊዝኛ ነው የጻፍክልኝ እኮ! ተቀይመኸኝ ነው ብዬ።"

ሳቅን። እኔ ትንሽ አብዝቼ ሳቅሁ። ከዚያ ስለ "ሳሚ2" ነገርኩት። "አለኝ" አለ። "በዚሁ ሳምንት ወረቀት ልገዛ ስመጣ ይዤልህ እመጣለሁ።"

"የት ልትገዛ?"

"ተክለ ሃይማኖት ነዋ። ሁልጊዜ የምገዛው ከዚያ አይደል።"

ሁልጊዜ። ከኔ ቤት ተክለ ሃይማኖት በእግር የሚኬድ መንገድ ነው፤ ታክሲ እንኳን ጠብቄለት አላውቅም። እኔ እዚህ ብስኩት እየቆረጠምኩ እሱ እዚያ ወረቀት ሲያማርጥ ኖሯል።

"አንድ ቀን እኮ በርህ ድረስ መጥቻለሁ" አለኝ። "ካርቶኗ የለችም። አውርደሃታል። እኔንም አብረህ ያወረድከኝ መሰለኝና አለፍኩ።"

አንዲት ፋይል በኢሜይል መላክ እንደሚቻል ሁለታችንም እናውቃለን፤ ሙያችን ነው። ማናችንም ግን አላነሳነውም። "ቶሎ ና" አልኩት ብቻ።

መጣ። ወረቀቱን በተሸካሚ አስይዞ፣ ፍላሹን አንገቱ ላይ አንጠልጥሎ መጣ። ወፍሯል። ተሳሳምን፣ ደግሞ ተሳሳምን። ፍላሹ እንደ ልማዱ ቫይረስ ይዞ ገባ፤ ግድ የለም፣ ይግባ። "ሳሚ2" ቦታዋ ተመለሰች።

"እስቲ ከሁለቱም ግማሽ ያለበት ነገር ጻፍና እንሞክራት" አለኝ።

አላሰብኩም። "ምሳ ላይ ነን" ብዬ ጻፍኩ። አንድም ሳጥን የለበትም። አተምኩት። ሳሚ ወረቀቷን አየና ማስቲሽ አንስቶ ወጥቶ በሩ ላይ ለጠፋት።

የጋሽ ሸምሱንም ታፔላ ጨርሰን ሰጠናቸው። "ፌዋ ዳነች!" አሉ፣ ጠቅልለው በብብታቸው ይዘው እየወጡ። እኛም በሩን ቆልፈን ሽሮ ልንበላ ሄድን። እየተንተከተከ መጣልን፣ ምላሴን አቃጠለኝ፤ ከስንት ጊዜ በኋላ ትኩስ ነገር በላሁ። ከሰዓት በኋላ ሳሚ ወረቀቱን አስጭኖ ወደ ሐዋሳ ተመለሰ።

ለመሆኑ የትኛውን ሶፍትዌር መረጥክ ትሉኝ ይሆናል። ማኅበርተኛውን ነዋ። ቀርፋፋ ነው፣ ኔትዎርክ ሲጠፋ አብሮ ይጠፋል፣ ለማንም ባለሙያ አልመክረውም። ግን ጥግ ላይ "የቡድኑ አባላት፦ ሁለት" ይላል። ሳሚም ወረቀት ሲያልቅበት ይመጣል፤ ሐዋሳ ውስጥ ሠርግ እንዲበዛ ስለቴን ተስያለሁ።

የቀረውን ጊዜ ያው ብቻዬን ነኝ። ደንበኞቼ ይቆጡኛል። በሩ ወለል ብሎ ተከፍቶ፣ እኔ ወንበሬ ላይ ተቀምጬ እያዩኝ "ምሳ ላይ ነን" የሚል ወረቀት ተለጥፏል። "ኧረ አንሳት፣ የሌለህ እየመሰለን እኮ ነው የምንመለሰው" ይሉኛል።

ማስቲሹ ጠንክሮ እምቢ ብሎኝ ነው እላቸዋለሁ።